ለጸሐፊው የመረጥሁለት መነጽር

የማታው ክፍል መምህራችን ሰሌዳው ላይ የድርሰት ጥያቄ ጻፈ፤ «ዛሬ ካሉን ዕቃዎች አንዱን ብቻ ከሺህ ዓመት በፊት ለነበሩ ሰዎች መላክ ብትችሉ ምን ትልካላችሁ? ለማን? ለምን?» መምህሩ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። እኔ ደባርቅ ላይ ፊደል የቆጠርሁት ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ ካበቃሁ በኋላ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠኝ የለም።

«ሞባይል!» አለች ቡይት ራስ ሎጅ ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ልጅ።

«ኔትወርኩንስ ማን ይልክላቸዋል? እዚህ እንኳ ደመና ሲመጣ ይጠፋል» አላት ባጃጅ ነጂው።

«ፎቶ ይነሱበታላ!»

«ቻርጁ ሲያልቅ ሞተ ብለው ይቀብሩታል።»

ክፍሉ ሳቀ። የፓርክ ጥበቃ የሚሠራው ጎልማሳ፣ ተራራው ላይ በውርጭ ያደረ ሰው ከላይተር ሌላ ምንም አይመርጥም ብሎ ተከራከረ። እኔ የኔን ስንወጣ ለመምህሩ ብቻ ነገርሁት። መልሴ ጥያቄው ተጽፎ ሳያልቅ መጥቶልኝ ነበር፤ መነጽር፣ ለብራና ጸሐፊ።

አባቴ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች መንደር የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ ነበር። ቀለሙን የምበጠብጥለት እኔ ነበርሁ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት እፍቃለሁ፤ እስኪያር ከቆላሁት ገብስ ጋር እወቅጣለሁ፤ ውሃ እያጠጣሁ፣ በየዕለቱ እያማሰልሁ ወራት አቆየዋለሁ። የኔ ቀለም አይደበዝዝም፣ ብራናም አይበላም ይባል ነበር። በቀለሙ የሚጻፈውን ግን አንዱንም አላውቅም። ፊደል አባቴ የሚያስቆጥረው ወንዶችን ነበር። የጎረቤት ሴቶች ልጆች ዳባት ተማሪ ቤት መግባት ሲጀምሩ እኔም ለመንሁ፣ አለቀስሁ፣ ደግሞ ለመንሁ።

«አባየ፣ እኔንም አስገባኝ።»

የተቀደደ ብራና ሊሰፋ ተቀምጦ ነበር። መርፌውን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየውና ከነክሩ ሰጠኝ።

«እስቲ አሹልኪልኝ። ዓይኔ ከዳኝ። አንቺ ከሄድሽ ማን አለኝ? ዓይኔ ቢያይልኝማ አንቺን የማስተምር እኔው ራሴ ነበርሁ።»

«ስትጽፍስ እንዴት ታያለህ?»

«እሱን እጄ ያውቀዋል።»

«እጁ ያውቀዋል» አለች እናቴም ከጓዳ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪ ቤት የሚል ቃል ካፌ አልወጣም። መርፌ ባሾለክሁለት ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር። ሌላው ከአባቱ መሬት ይወርሳል፤ እኔ የወረስሁት «አንቺን የማስተምር እኔው ነበርሁ» ያለኝን ነው። ስዳርም፣ ስወልድም፣ ሚዜዎቼ የልጆቻቸውን ደብዳቤ ሲያነቡልኝም ይዤው ኖርሁ። ያልተማርሁት ስለማልፈለግ አይደለም፤ የአባቴ ዓይን ስለደከመ ነው።

ስለዚህ ድርሰቱን እንዲህ አሰብሁት። ከሺህ ዓመት በፊት ዓይኑ የደከመ ጸሐፊ አለ። አጠገቡ ቀለም የምትበጠብጥ ሴት ልጅ አለችው። መነጽሩ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መጽሐፉን መጨረስ አይደለም፤ ልጅቱን ጠርቶ «ሀ በይ» ይላታል።

ሰውየው መርፌ ሲይዝ እንዴት እንደሚይዝ ልጽፍ ስል ግን እጄ ቆመ። የዓይን ድካም እኔም ይዞኝ ነው ባለፈው ዓመት መነጽር የገዛሁ። መርፌ ሳሾልክ ክንዴን የቻልሁትን ያህል ዘርግቼ፣ አንገቴን ወደ ኋላ ስቤ ነው የማየው፤ የቀረበኝ ሁሉ ይደበዝዝብኛል። አባቴ መርፌውን ያራቀበት ቀን ግን ትዝ አላለኝም። ሁልጊዜ የሚያስጠጋው ወደ አፍንጫው ነበር። የዓይን ሕመም ብዙ ዓይነት ነው አልሁ ለራሴ። ያላጣራሁትን መጻፍ ስለማልወድ ግን ቅዳሜ በሚኒባስ ዳባት ወረድሁ፤ አጎቴን ልጠይቅ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው፤ ቄስ ነው፤ ከዚያ ዘመን ሰው የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ከደጅ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና መስቀል ተሳለምሁ።

«አባ፣ የአባየን ዓይን የያዘው ሕመም ምን ነበር?»

«የማንን ዓይን?»

«የአባየን።»

ሳቀ። ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

«ያንቺ አባት ዓይን! ጀንበር ስትጠልቅ ከነጠላ ላይ ቅማል የሚለቅም ዓይን! ይኸን ካባ ስንት ጊዜ ጠቀመልኝ፤ እዚሁ አንቺ ከተቀመጥሽበት ተቀምጦ።»

«መርፌውን ማን አሾለከለት?»

«ማን ያሾልክለታል? ራሱ ነዋ።»

ሳቁ ቆመ። ፊቴን አየ፤ ከዚያ መስቀሉን በነጠላው ጫፍ ይወለውል ጀመር።

«አንቺ፣ እስከዛሬ ማንም አልነገረሽም?»

«ይንገሩኝ።»

«ልጅ ነበርሽ። ስትለምኚ ታደክሚያለሽ። ተማሪ ቤት ብትገቢ ቀለሙን ማን ይሠራል? እንዳንቺ የሚሆንለት አልነበረም። ‹አትሄጂም ብላት ታኮርፈኛለች፤ ዓይኔን ካልኋት ግን ታዝንልኛለች› አለኝ። እንዳለውም ሆነ።»

«እናቴም ታውቅ ነበር?»

«ምክሩ የማን ሆነና!»

«እርስዎም።»

«እኔም» አለ ቀስ ብሎ። «ክፉ ሊሠራብሽ ብሎ አይደለም። ይወድሽ ነበር። አለፈ አይደል? ነፍሱን ይማር በይ።»

የአባቴ ስም በተነሣ ቁጥር ነፍስ ይማር ሳልል ቀርቼ አላውቅም። ያን ቀን አላልሁም። አጎቴ ጠበቀኝ፤ ኋላ ራሱ አለው።

በሚኒባሱ ስመለስ በዚያ ቤት ዓይነ ስውሯ እኔ ብቻ እንደነበርሁ እያሰብሁ መጣሁ። እምቢ ቢለኝ አለቅስ ነበር፤ ምናልባት እኮበልል፣ ምናልባትም ካንድ ዘመድ ቤት ተጠግቼ እማር ነበር። እምቢታ ይታገሉታል። አዘኔታን ግን ምን ብዬ እታገለዋለሁ? የያዘኝ በእምቢታው አይደለም፣ በፍቅሬ ነው። ተማሪ ቤትን ከማጣቴ ይልቅ ያን ሁሉ መርፌ ደስ እያለኝ ማሾለኬ አንገበገበኝ።

ቤት ገብቼ ድርሰቱን አወጣሁ። ለሚያይ ሰው መነጽር አይላክም። ሰረዝሁት።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁሉም ተራ በተራ አነበቡ። ሰሌዳው ላይ ሞባይል፣ ላይተር፣ የወባ መድኃኒት ተጻፈ።

«እትዬ፣ የእርስዎስ?» አለኝ መምህሩ። «መነጽር ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ትቼዋለሁ። እስክሪብቶ ነው የምልከው። ከሱቅ የሚገዛውን፣ ቀለሙ ከውስጡ ያለውን።»

«ለማን?»

«ለአንድ የብራና ጸሐፊ።»

«እትዬ ደግሞ!» አለ ባጃጅ ነጂው። «በመቃ ብዕር ስንት ያማረ መጽሐፍ ይጽፉ የለ? እስክሪብቶ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ቀለም የምትበጠብጥለት ልጅ አለችው። እስክሪብቶ ከደረሰው እሷን ቤት የሚያስቀርበት ምክንያት አያገኝም።»

መምህሩ ሰሌዳው ላይ «እስክሪብቶ» ብሎ ጻፈ። ባጃጅ ነጂው ግን መጠየቅ የሚተው ሰው አይደለም።

«እሺ፣ ልጅቱስ የት ትሄዳለች?»

«ተማሪ ቤት» አልሁና ተቀመጥሁ።