የዕድሩ ድንኳን ያለበት ግቢ

ደላላ ነኝ። አዳማ ውስጥ ቤት አሻሽጣለሁ። ዛሬ ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ «ወኪል በሉን» እያሉ ካርድ ያሳትማሉ፤ ያሳትሙ፣ ያምርባቸዋል። እኔን ግን እናቴ ሳትቀር «ደላላዋ ልጄ» ነው የምትለኝ። ደላላ ደግሞ ውሸታም ነው ብሎ አገር ተስማምቷል። ሲያናድዱኝ! የሻጭን ምስጢር ለገዢ፣ የገዢን ለሻጭ አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። ከሁለቱም እበላለሁ፤ ለሁለቱም አፌን እዘጋለሁ።

አንድ ቤት ግን ፈተነኝ። ባለቤቶቹ አዛውንት ባልና ሚስት ናቸው፤ እኔ እማማና አባባ ነው የምላቸው። ልጃቸው ሻሸመኔ ተድራ መንታ ወልዳለች። እማማ «ይህን ሸጠን እዚያ አነስ ያለ እንግዛና የልጅ ልጆቼን ልቀፍ» ብለው ጠሩኝ። አባባ አጠገባቸው ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የተስማሙ መስሎኝ ገዢ ፍለጋ ወጣሁ።

ገዢዎቹም ብዙ ሳልለፋ ተገኙ። ባልየው ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት የሚጭን የአይሱዙ ሹፌር ነው። ሚስቱ ፋርማሲ ትሠራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሆዷ ገፍቷል። አከራያቸው «ልጄን ልድርበት ነውና ልቀቁልኝ» ስላላቸው ሳትወልድ የሚገቡበት ቤት ይፈልጋሉ። ይህንን ለብቻዬ ነገረችኝና «ለሻጮቹ እንዳትነግሪብን፣ መቸገራችንን ካወቁ ዋጋ ይሰቅሉብናል» አለችኝ። ቀጥላ ትክ ብላ አየችኝ።

«እህቴ፣ አይክፋሽና አንቺ ግን የማን ነሽ? የእኛ ነሽ የእነሱ?»

«የሁለታችሁም።»

«ኧረ ወዲያ፣ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ብላ ሳቀች።

ቤቱን ላሳያቸው የሄድን ዕለት ያየሁትን ጉድ ልንገራችሁ። እማማ ሳሎኑን ሲያወድሱ፣ አባባ «ናዝሬት ውስጥ እንደዚህ አቧራ የሚወድ ቤት የለም» ይላሉ። እማማ «ውሃ ተቋርጦብን አያውቅም» ሲሉ፣ አባባ ጣሪያውን እያሳዩ «አዎ፣ ክረምቱን ሙሉ በዚህ በኩል አይቋረጥም» አሉ። ነፍሰ ጡሯ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። የእኔ ደም ግን ፈላ።

ጓሮ ሄድን። ሰርቪስ ክፍሉ ሲከፈት እስከ ጣሪያው የሰፈሩ ዕድር ዕቃ ነው፦ ድንኳኑ ከነብረቱ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት። ለካ አባባ የዕድሩ ንብረት ያዥ ናቸው። ሹፌሩ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ «ይቺን አድሰን እናከራያታለን» አለ። እማማ ፈጠን ብለው «ዕቃው ይነሳል ልጄ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል ይነሳል!» አሉ። አባባ በሩን ቆለፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ጥለውን ወጡ።

እንዲያም ሆኖ በዋጋ ተስማማን። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ነውና ሁለቱም ካልፈረሙ ሽያጭ የለም። ሁላችንም ውል የሚፈጸምበት ቢሮ ተሰለፍን። ሠራተኛዋ ውሉን አንብባ ስትጨርስ «አባት፣ በፈቃድዎ ነው የሚሸጡት?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም» አሉ አባባ።

«ወይ የእኔ ጉድ!» አሉ እማማ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን መለሰችልን። ነፍሰ ጡሯ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ አለቀሰች። አባባ ወጥተው ሲሄዱ ደጅ ላይ ደረስኩባቸው።

«ምነው አባባ! አልሸጥም ማለትዎን ከመነሻው አይነግሩኝም ነበር?» ለሽማግሌ እንዲህ አይባልም፤ ግን ቱግ ብያለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ አትጩሂብኝ» አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «በዚህ ሰፈር ሰው ሲሞትም ሲዳርም እኔ ሳልከፍት ድንኳን ተተክሎ ያውቃል? ሻሸመኔ ማን ያውቀኛል? ቀባሪ እንኳ የለኝም። ያ ሹፌር ደግሞ የሰፈሩን ዕቃ ሜዳ ላይ ሊጥለው ነው።»

ንዴቴ ብን ብሎ ጠፋ። አንጀቴን በሉት። ስንት ቀን ዋጋ ሳመላልስ ስከርም ይህንን አንድም ሰው አልጠየቃቸውም።

«አባባ፣ በሞቴ፣ ይህንን ልንገራቸው?»

«ንገሪያቸው! ማንን ፈርቼ!»

ገብቼ የነገሩኝን እንዳለ ለነፍሰ ጡሯ ነገርኳት። «የእናንተንስ ልንገራቸው?» ብላት ዕንባዋን ጠርጋ ራሷ ወጣች።

«አባባ፣ እኛም ልቀቁ ተብለናል። ለሰፈሩ እንግዳ ነን፤ ብወልድ ደጄን የሚያንኳኳ ሰው የለኝም። ክፍሏን አናከራያትም። ዕቃው እዚያው ይቀመጥ።»

ባልየው አፉን ከፈተ፤ ሚስቱ ዞር ብላ ስታየው «እሺ» ብሎ ዘጋው። አባባ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ክረምት ሲወጣ ካላናፈስሽው ድንኳኑ ይሻግትብሻል፣ ሰማሽ?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ደግሞ ምን ገትሮሻል? ነይ እንጂ፣ እንፈርም!»

የሕፃኑ ክርስትና ዕለት እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ስደርስ ድንኳን የለም። ያ የአዳማ ፀሐይ አናታችንን ይበሳል፤ እንግዳው ሁሉ አንዲት ዛፍ ጥላ ሥር ተፋፍጓል፤ ሹፌሩ ላቡን ይጠርጋል። «ምን ዓይነት ድግስ ነው ይሄ? ልትቀቅሉን ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«እኔን አትይኝ፣ ቁልፉ ሚስቴ ጋ ነው» አለኝ።

ያኔ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። እማማና አባባ ከሻሸመኔ ሲመጡ የተሳፈሩበት መኪና መቂ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነው የዘገዩት። ሰፈሩ ተንጋግቶ ከበባቸው። ወላዷ ሕፃኑን ለእማማ አቀበለችና ለአባባ ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ እርስዎ ሳይከፍቱ ድንኳን ይተከላል እንዴ?»

አባባ ቁልፉን ተቀብለው ሰርቪሱን ከፈቱ። ከዚያ ሰፈሩን በሚያናጋ ድምፅ «ታዲያ ምን ተገትራችኋል? ብረቱን አውጡ!» ብለው ጮኹ። እኔም እየሳቅሁ እያለቀስሁ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዬን አውልቄ ብረቱን በአንድ ጫፍ ያዝኩ።