ከሠላሳ ውርወራ በኋላ

ካሱ የኦቾሎ ተወላጅ ነው። ሽመናን የተማረው ከዓባያ ሐይቅ በላይ በተዘረጋው በዚያ ሸንተረር፣ ከአቶ ኤርጫፎ እጅ ነው። ዛሬ አምሳ ስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሠላሳውን ያሳለፈው በአርባ ምንጭ፣ በሼቻ ሰፈር፣ በጓሮው በቆፈረው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ነው። ሌላው ሸማኔ በሁለት ቀን የሚያወርደውን ነጠላ እርሱ በሦስት ቀን ያወርደዋል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። መወርወሪያውን ሠላሳ ጊዜ ካመላለሰ በኋላ ሥራውን ያቆማል፤ መዳፉን በጨርቁ ላይ ያሳልፋል፤ የተበጠሰ ክር ካገኘ ይቋጥራል፤ ካላገኘም አንድ ጊዜ ተንፍሶ ይቀጥላል። ይህን ልማድ ያስያዙት አቶ ኤርጫፎ ናቸው። በኦቾሎ ሸማኔዎች ዘንድ የካሱ ስም የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ሀብትም ሌላ ማዕረግም የለውም።

ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳምሶን የሚባል ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ አራት ዓመት ተከራይቶ ኖሯል። ሳምሶን ጊታር ይጫወት፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይደርስ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲል፣ አስፈቅዶ የሽመናውን ድምፅ በስልኩ ቀዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ዳገት ላይ» የተባለው አልበሙ ወጣ። ፖፕ ሮክ ነው፤ ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይደልቃል። በዚያ ዓመት የእርሱን ያህል የተሸጠ አልበም አልነበረም፤ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ሼቻ የሚወጣ ባጃጅ ሁሉ እርሱን ያሰማ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን በሽመና ድምፅ ይጀምራል፣ ድምፁም ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል። በሽፋኑ ጀርባም «የሽመና ድምፅ፦ ካሱ፣ ከኦቾሎ» የሚል ተጽፏል።

የካሱ ባለቤት ዓለሚቱ ሽፋኑን በመስተዋት አስገጥማ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ካሱም ደስ ብሎት ነበር፤ እስከ ጊዮርጊስ ማኅበር ቀን ድረስ።

በዚያ ቀን የኦቾሎ ሸማኔዎች ተሰብስበው ሳለ፣ አንዱ ዘፈኑን በስልኩ ከፈተው። አቶ ኤርጫፎ ዓይናቸውን ጨፍነው አራቱንም ደቂቃ አዳመጡ።

«ይህ ሰው ጨርቁን አያይም» አሉ።

«ካሱ እኮ ነው፣ አባባ!»

«ካሱን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ይኼኛው አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። ክር ሲበጠስበት ምን ያደርጋል? ይዘፍንለታል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ይፍሩ የተባለው ሸማኔ ደግሞ «ከተማ ገብቶ ሞተር አስገጥሞ ይሆናላ!» ሲል ጨመረበት። ካሱ አብሮ ሳቀ፤ ጠላውን ግን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ።

በሳምንቱ፣ ለልጇ ሠርግ ነጠላ ያዘዘች ሴት መጣች። «በዘፈኑ እንደምትፈጥነው ብትፈጥንልኝ እኮ ለቅዳሜ ይደርስልኝ ነበር» አለችው። ያን ዕለት ካሱ የተሰቀለውን ሽፋን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ስም፣ አገር በሚሰማው ዘፈን ውስጥ የችኩል ሸማኔ ስም ሆኖ ሊቀር ነበር።

ሳምሶን በከተማው ስታዲየም ዝግጅቱን ሊያቀርብ የመጣው በዚያው ወር ነው። ዝግጅቱ ለእሑድ ተይዞ ስለ ነበር፣ ከዚያ በፊት ካሱን ሊጠይቅ ገባ፤ የዞረውንም ሽፋን አየ።

«ጋሽ ካሱ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ያ ድምፅ የእኔ አይደለም።»

«እንዴ! እዚሁ አጠገብዎ ተቀምጬ አይደል የቀዳሁት?»

«ታዲያ ማቆሜን የት አደረግኸው?»

ሳምሶን፣ አቀናባሪው ከቅጂው ስምንት ሰከንድ ብቻ ወስዶ ደጋግሞ እንደ ቀጣጠለው አስረዳ።

«በስምንት ሰከንድ ሸማኔ ይታወቃል?» አለ ካሱ።

ሙሉው ቅጂ በሳምሶን አሮጌ ስልክ ውስጥ ነበር። ከፍቶ ለካሱና ለዓለሚቱ አሰማቸው። መወርወሪያው ሲመላለስ ቆየና ጸጥ አለ። መዳፍ ጨርቁን ሲዳስስ፣ ካሱ ሲያስል፣ ከዚያም የዓለሚቱ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፦ «ኩርኩፋው ቀዘቀዘ እኮ! በልተህ ብትቋጥረው ክሩ ጥሎህ ይሄዳል?» ዓለሚቱ ይህን ስትሰማ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች።

«ይኼ እኔ ነኝ» አለ ካሱ። «እሑድ ይህን አሰማ።»

«ጋሽ ካሱ፣ ምቱ ከቆመ ሕዝቡ ይቀዘቅዛል። ሊጨፍር የመጣ ሕዝብ ነው።»

«አንድ ክር እስክቋጥር መታገሥ ያቅተዋል?»

ሳምሶን ቅጂውን ዘጋ። «እንግዲያውስ እርስዎ ራስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ይሥሩ።»

«እሠራለሁ። እኔ ሳቆም ግን ሁላችሁም ታቆማላችሁ።»

መድረክ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ስለማይቻል፣ አናጢ እግር ወደ ታች የሚያሰድድ ከፍ ያለ መቀመጫ ሠራ። ከበሮ መቺው በርናባስ በልምምዱ ላይ አጉረመረመ። «መቼ እንደሚያቆሙ በምን አውቃለሁ?» ቢል፣ ካሱ ቀና ሳይል «ቁጠር፤ ሠላሳ» አለው።

እሑድ በአሥር ሰዓት ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። የኦቾሎ ሸማኔዎች ከፊት፣ አቶ ኤርጫፎም ከመካከላቸው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ዘፈን ተጀመረ፤ መወርወሪያው ሄደ፣ ጊታሩ ተከተለው፣ ሕዝቡም መዝለል ጀመረ። በሠላሳኛው ውርወራ ካሱ አቆመ። በርናባስ አቆመ። ጊታሩም ዝም አለ።

«መብራት ጠፋ እንዴ?» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሕዝቡ ሳቀ። ካሱ ግን መዳፉን በጨርቁ ላይ አሳለፈ። ክር በእርግጥም ተበጥሶ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያየው መሆኑን ሲያስብ ተቻኮለ፤ ቋጠሮው አመለጠው። ያን ጊዜ አቶ ኤርጫፎ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«አትቸኩል!»

ካሱ እንደገና ቋጠረ፤ የተረፈውን ጫፍ በጥርሱ ቆርጦ መወርወሪያውን ላከ። ከበሮው አብሮት ሲገባ፣ ስታዲየሙ ጎል የተቆጠረ ያህል ጮኸ። ሦስተኛው ማቆሚያ ሲቃረብ ሕዝቡ ራሱ «ሃያ ስምንት! ሃያ ዘጠኝ! ሠላሳ!» እያለ ይቆጥር ጀመር፤ ከዚያም ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ የካሱን መዳፍ ጠበቀ።

ዝግጅቱ እንዳለቀ አቶ ኤርጫፎ ተደግፈው መድረኩ ላይ ወጡ። ጨርቁን ከላይ ዳሰሱት፤ ገልብጠውም ከሥር አዩት።

«እዚህ ጋ ትንሽ ላልቷል» አሉ።

«ሕዝብ እያየኝ እኮ ነው፣ አባባ።»

«ይሁን፤ ጨርቁን ግን አይተኸዋል» አሉና እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

ሳምሶን የዕለቱን ቅጂ ማቆሚያዎቹ ሳይቆረጡ ለቀቀው። መጀመሪያ የባጃጅ ነጂዎች ማጫወቻው የተበላሸ እየመሰላቸው ይደበድቡት ነበር፤ አሁን ለምደውታል። ሽፋኑም ፊቱን ወደ ቤቱ መልሷል። አንዳንድ ቀን ካሱ በጉድጓዱ ተቀምጦ ሲሠራ፣ በደጁ በሚያልፍ ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑ ድንገት ጸጥ ይላል። ዓለሚቱ ከማጀት ሆና ትጣራለች፦

«ምነው፣ አታቆምም?»

«ገና ሃያ ነኝ» ይላል ካሱ፤ መወርወሪያውንም ይልካል።