በመቀነቴ የቋጠርኩት ቁልፍ

የሟች ባለቤቴ ወንድም መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅን እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ነው። በወጣትነቴ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስል፣ «ሴት መሪ ከያዘችማ እኛ ቀሚስ እንልበስ» ብሎ ያስቀረኝ እሱ ነው። ባሌ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም አለ። ሌላም አለ፤ ሁሉንም አልጽፈውም። ይህችን ግን እጽፋታለሁ።

ታላቅ እህቴ አይከል ላይ ያረፈች ዕለት ከጎንደር የሚያደርሰኝ የእሱ አሮጌ ፒካፕ ብቻ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ተባለ። አፈር ሳይገባባት ሳጥኑን በእጄ መንካት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ከአዘዞ ወዲያ መንገዱ እየተሠራ ነው። ፍጥነት ቀንሱ የሚለውን ሰሌዳ እንዳላየ አለፈው። ጠጠሩ ከሥራችን እየተፈናጠረ በሩን ይደበድባል።

«ቀስ በል» አልኩት።

«ቀስ ካልን አፈሩ ላይ ነው የምትደርሽ።»

አንድ የተቆረጠ ገደል ሥር በርሜሎች መንገዱን ዘግተዋል። ፊቷን በሻሽ የጠቀለለች ልጅ፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። በእኛ አገር «ለቅሶ ነው» ካልክ ሰልፉም ዘበኛውም ይለቅሃል። እሱም ይህን አምኖ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አንች ልጅ፣ ለቅሶ ነው! ዘወር በይ!»

«ነፍስ ይማር፣ አያ። ግን አይታለፍም፤ ድማሚት ተጠምዷል።»

«እኔ በዚህ መንገድ ስነዳ አንች አልተወለድሽም!»

«እውነትዎን ነው፣ አያ። ያኔ ተራራውም አልተነካም።»

ከኋላችን የቆሙት የገልባጭ ሾፌሮች ሳቁ። «አያ፣ መልስ አጡ እንዴ?» አለ አንዱ። የባሌ ወንድም ጆሮው ቀላ። ወደ እኔ ዞረ።

«የራስሽ እህት ቀብር ነው! ምነው ዝም አልሽ? አልቅሰሽ ለምኛት እንጂ!»

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እንባዬ ዓይኔ ላይ ደርሶ ነበር። የምታለቅስ አሮጊት ለምና ያላስከፈተችው በር እንደሌለ አውቃለሁ፤ ልጅቱም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም፤ የፈራችው እሱን ሳይሆን የእኔን እንባ ይመስለኛል። እንባዬን ዋጥኩት።

እሱ ግን ማርሽ አስገብቶ በበርሜሎቹ መሃል መሹለክ ጀመረ። ልጅቱ እንጨቱን በሁለት እጇ ይዛ መጥታ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ቆመች። ፍሬን ሲይዝ እጄን ሰድጄ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ነቀልኩት። በመቀነቴ ቋጠርኩት።

«አብደሻል?»

«ከቸኮልክ በእግርህ ሂድ።»

ፊሽካ ተነፋ። መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው የተቀመጥኩበት ወንበር ነው። ከዚያ የተራራው ጎን፣ ያለ አንዳች ድምፅ፣ እንደሚተነፍስ ደረት ከፍ አለ። ድምፁ የመጣው ኋላ ነው፤ ጥርሴ ውስጥ ገባ። ጎጆ የሚያህል ቋጥኝ ተንከባሎ ወርዶ ከፊታችን ካለው ኩርባ ላይ፣ እኛ ልንሆንበት ከነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠ። አቧራው ሲገለጥ የተራራው ሆድ ታየ፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ እንደገና ቀይ። ከተፈጠረ ጀምሮ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ድንጋይ እያየሁ መሆኑ ሲገባኝ አማተብኩ። ልጅቱ ግን ዞራ እንኳ አላየችውም። ከተራራው ይልቅ እኛን ነበር የምትጠብቅ።

ዶዘሩ ድንጋዩን እስኪጠርግ ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ልጅቱ ቀዩን አውርዳ አረንጓዴ ጨርቅ አነሳች።

«ቁልፉን» አለ እሱ። እጄን መቀነቴ ላይ ጫንኩ። «እባክሽ» አለ። ከእሱ አፍ ይህን ቃል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ቋጠሮውን ቀስ ብዬ ፈታሁት። ከዚያ ወዲያ አይከል እስክንደርስ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀድሞን ካለፈው ገልባጭ ኋላ ርቆ፣ እየተሳበ ነዳ።

ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ እየወጣ ነበር። አፈሩ ገብቷል።

«አንዲት ባለጌ ልጅ መንገድ ዘግታብን ነው» አለ እሱ ለዘመድ ሁሉ። ሰውም ልጅቱን መርገም ጀመረ።

«እሷ ሸጋ ልጅ ናት» አልኩ። «ቁልፉን ነቅዬ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እህቴ ሳልደርስላት እንድትቀበር ያደረግሁም እኔው ነኝ።»

እሱ መሬት መሬት አየ። ሄጄ አፈሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሳጥኑን ልነካበት የነበረውን እጄን እርጥቡ አፈር ላይ አሳረፍኩ። ሳጎነብስ ከነጠላዬ የተራራው አቧራ እየረገፈ መቃብሯ ላይ ወረደ።