ሳሊሃን ማን ይቀብራታል

ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲጀምር ሳሊሃ የመቀመጫውን ብረት ጨብጣ ያዘች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ እናቷ ከደጋን በዚሁ መንገድ ደሴ አምጥታት ነበር። መናኸሪያው በር ላይ «ውሃ ገዝቼ ልምጣ» አለቻት። አልተመለሰችም። ሲመሽ ያገኘቻት ፈትሂያ ናት፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ባልም ልጅም የሌላት ሴት። ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ አብረው ይኖራሉ። ሳሊሃ ግን ጫማዋን አጠገቧ ሳታደርግ አትተኛም።

ዛሬ ፈትሂያ «ደሴ ጉዳይ አለኝ፤ አንቺም ትፈለጊያለሽ» ብላ ይዛት ወጣች።

«ማን ነው የሚፈልገኝ፣ እትዬ?»

«ስንደርስ ታይዋለሽ።»

 ሳሊሃ ፈትሂያ ለማን ልትሰጣት እንደሆነ ብቻ ታስብ ነበር።

ፈትሂያ የተወለደችበት ሰፈር ደርሰው አንድ የቆርቆሮ በር ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጠብቂኝ፤ መጣሁ።»

ሳሊሃ እስከ ሃያ ቆጠረች። ከዚያ በሩን ገፍታ ገባች።

ግቢው ውስጥ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። የሰፈሩ ቅሬ ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያበላ ማኅበር። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሀይደር ከመዝገቡ ቀና አሉ።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት» አለች ፈትሂያ። «ጠብቂ ብያት ነበር።»

«ዘሯን የማናውቃትን ልጅ እንዴት ቅሬ እናስገባለን?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ነገ እናቷ መጥታ ብትወስዳትስ?»

«ያኔ ትሰርዟታላችሁ። ዛሬ ብትሞትብኝስ ማን ይቀብራታል? ወላሂ ብቻዬን መቆፈር አልችልም።»

ጥቂቶች ሳቁ። ሳሊሃ አልሳቀችም። ስለ ሞቷ ሲመከር ቆማ ሰማች።

ሸህ ሀይደር ስሟን ከፈትሂያ ስም ሥር ጻፉ። «ስሚ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ቀብር ሲኖር ትመጫለሽ። ከቀረሽ ትቀጫለሽ። ኮምቦልቻ ሩቅ ነው አይባልም።»

«እሺ» አለች። «እትዬ ቀድማኝ ብትሞትስ?»

 ከሴቶቹ መካከል ዙበይዳ የሚባሉ አሮጊት መለሱላት።

«እኛ እንቀብራታለን።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ሐዘንተኛ ነሽ፤ ትቀመጫለሽ፣ እናበላሻለን። ከዚያ እኔ ቤት ትመጫለሽ። አሁን ነይ፣ የቅሬውን ድስት ያዥልኝ፤ ወገቤ አልታጠፍ ብሏል።»

ፈትሂያ ከሸሁ ጋር እያወራች ጀርባዋን ሰጥታለች። ሳሊሃ የድስቱን አንድ ጆሮ ይዛ አሮጊቷን ተከትላ ወደ ጓሮ ሄደች። ከዚያ ሆነው በሩ አይታይም። ሁለት ጊዜ ዞራ አየች፤ ድስቱን ግን አልለቀቀችም።