ሳዲያ ያልተጻፈችበት መዝገብ

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሚሠራውን ቀመርን የማያውቅ ታካሚ የለም። እሱም የሁሉንም አባት፣ አያትና የበሬ ቀለም ያውቃል። ስለዚህ በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ዶክተር መለሰ የአንጎል ሞገድ የሚቀርጽ መሣሪያ ይዘው ከአዲስ አበባ ሲመጡ፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የሞገድ ቅጂ ለምርምር የማደራጀቱ ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ስም፣ ዕድሜ፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚጥላቸው ላፕቶፕ ላይ ይጽፋል። ከባዱ ሥራ ቅቤ የጠጣ ፀጉር በኦሞ ማጠብ ነበር፤ ራስ ላይ የሚለጠፈው የመሣሪያው ሽቦ ቅቤ ላይ አይጣበቅማ።

ከታማሚዎቹ አንዷ የገዛ ልጁ ሳዲያ ናት። ለሳዲያ ደግሞ ከወረኢሉ ሽማግሌ ተልኮላታል። ታዲያ ይህ ሰውን ሁሉ የሚያውቅ አባት ልጁን ምን ብሎ መዘገባት? «ትህትና አሻግሬ፣ ከወግዲ»።

ጉድ እኮ ነው። በሽታው ያሳፍራልና ሌላውም ሰው አንዱ የጎረቤቱን፣ አንዱ የሟች አጎቱን ስም ሰጠ። ቀመር እያወቀ ጻፈ፤ በምን አፉ ይናገር?

በስድስተኛው ወር ዶክተሩ ተመለሱ። ሰዉ ያኔ የሰጠውን የውሸት ስም ረስቶ ሌላ ሰጠ፤ ሠላሳ የነበረው ታማሚ ስልሳ ሆነ። ቀመርም የአጪው አክስት ለዓይናቸው መጥተው ሰልፍ ላይ ተቀምጠው ቢያይ ደንግጦ የፊተኛው ስም ጠፋበትና ሳዲያን «ሙሉሐረግ» ብሎ ጻፋት።

ዶክተሩ የሳዲያን የተቃጠለ እጅ አዩ። ምድጃ ላይ ነበር የወደቀችው።

«አቶ ቀመር፣ ይቺን ልጅ መድኃኒቱ አልያዛትም። የቀድሞ ቅጂዋን ሳላይ ብቀይርላት ልጎዳት እችላለሁ። የት አለ?»

ቀመር ጆሯቸው ሥር አንሾካሾከ። ውጭ ጄኔሬተሩ ያጓራል።

«አልሰማሁም» አሉ።

«ትህትና ማለት እሷ ናት! ሳዲያ ናት፤ ልጄ ናት። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ ጮክ ብሎ።

ከሰልፉ አንድ ታማሚ ሽማግሌ ተነሡና «እንግዲያ የኔንም አስተካክልልኝ፤ አጎቴ እንኳ ከሞተ ቆይቷል» አሉ። እስከ ማታ ስም ሲታረም ዋለ። የአጪው አክስት ግን ዓይናቸውን ሳይታዩ ወጡ፤ ከወረኢሉም ሽማግሌ ተመልሶ አልመጣ።

ለሳዲያ መድኃኒቱ ተቀየረላት። በሦስተኛው ወር፣ አንዴም ሳትወድቅ፣ ካርድ ክፍል ገብታ ስሟን ላፕቶፑ ላይ አነበበች።

«አባ፣ ያኔ በኔ አፍረህ ነበር?»

ቀመር መዋሸት ሰልችቶታል።

«አፍሬ ነበር ልጄ» አላት።