እሁድ እሁድ የሚመጣው ሊቀመንበር

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ኤመሪቪል ከተማ አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ገብቼ ነበር። ሻጩ ለደንበኛ ሊያሳይ አሮጌ የጌም ማሽን ከፍቷል። አቧራ የጠጣ ፕላስቲክ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ቴሜስካል ሰፈር የነበረው የልጅነት ቤታችን መጣብኝ። ከሽታው ጋር ያ ቅናትም መጣ።

የምንጫወተው እሁድ ከሰዓት ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ስለሚነዳ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ያበጡ እግሮቹን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። በመስኮቱ የአውቶቡሶች ማቃሰት ይገባል። እኔ የጌሙን መቆጣጠሪያ ይዤ ምንጣፉ ላይ ነኝ፤ በዲቪ በቅርቡ የመጣው የአክስቴ ልጅ ከአባቴ ጎን።

ጌሙ የጃፓን ነው፤ ታሪኩ ረጅም፣ ንግግሩ በጽሑፍ የሚመጣ። እኔ እንግሊዝኛውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ለአባቴ በአማርኛ ያወራለታል። የእኔ አማርኛ ያኔ ለመስማት እንጂ ለመናገር አይበቃም ነበር።

አንድ እሁድ የአገሩ ክፉ ገዢ ብቅ አለ። «ሚኒስትሩ» ብዬ አነበብኩ። የአክስቴ ልጅ «ሊቀመንበሩ» አለ።

«ኖ! ሚኒስትር ነው የሚለው!»

«ዝም በል አንተ» አለኝ አባቴ። «እሱ ያውቃል።» እግሩን ከውሃው አወጣ። «እና ሊቀመንበሩ ምን አለ?»

ከዚያ ወዲህ አባቴ ጌሙን እንደ ዜና ይጠብቀው ጀመር። የአክስቴ ልጅም አልሰነፈም፤ መንደሩን ቀበሌ፣ ወታደሮቹን አብዮት ጥበቃ አደረጋቸው። «ጃፓኖች ይሄን ከማን ሰሙት?» ይልና አባቴ ይስቃል። በእኔ ቀልድ እንደዚያ ስቆ አያውቅም።

አንድ ቀን ታሪኩ ጓደኞቹን ለገዢው አሳልፎ የሰጠ ልጅ ላይ ደረሰ። ይቅር እንበለው ወይስ እናባርረው? ምርጫው የእኛ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን እናድርገው?» አለ የአክስቴ ልጅ።

አባቴ ሳቁን አቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አንድ የሰፈር ጓደኛው፣ ስለ አንድ እስር ቤት ማውራት ጀመረ። ስለፈጠነ ግማሹ አመለጠኝ። ለእናቴ እንኳ ያልነገረውን፣ ትናንት ለመጣ ልጅ ይነግረዋል። እኔ አውራ ጣቴን አዝራሩ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።

«በቃ፣ ይማሩት» አለ በመጨረሻ። ይቅር የሚለውን ተጫንኩ።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ለአንድ ዘገባ የጃፓን ጌሞች የምትተረጉም ሴት አነጋገርኩ። በጃፓንኛው ያ ገዢ ሊቀ ካህናት እንደነበር፣ የአሜሪካ ደንበኞችን እንዳያስቀይም ተብሎ ሚኒስትር እንደተደረገ ነገረችኝ። እኔ የተሟገትኩለት ቃልም ለካ የተቀየረ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አማርኛዬ ተስተካክሏል፤ መጠየቅ ደግሞ ሙያዬ ነው። የድምፅ መቅጃዬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ስለዚያ ጓደኛው ጠየቅኩት።

«ለአክስትህ ልጅ ነግሬዋለሁ እኮ» አለኝ ደከም ብሎ። «ኮል አድርግለትና ጠይቀው።»

አልደወልኩም። ትልቅ ሰው ሆኜም ቀንቼ ነበር፣ እውነቱን ልንገርህ።

አባቴ ካረፈ በኋላ የአክስቴ ልጅ ለለቅሶ ከሳን ሆዜ መጣ። ሳልጠይቀው ስለዚያ እሁድ ጀመረ። «ያን ቀን ለእኔ ያወራ መስሎህ ነው አይደል ያኮረፍከኝ? እኔን እኮ አንዴም አላየኝም። ዓይኑ ያንተ ማጅራት ላይ ነበር።»

ይህን ማረጋገጥ አልችልም። እኔ ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን ነበር የማየው።