ወደ መስታወቱ ስትመጣ

ሽማግሌው የጌጥ ዓሣ መሸጫውን በር በትከሻቸው ገፍተው ሲገቡ፣ ከቤታቸው የመስታወት ዓሣ ገንዳ የቀዱትን ጨዋማ ውሃ በብልቃጥ ይዘው ነበር። የኮታቸው ግራ እጅጌ ከቀኙ ይልቅ ነጥቷል፤ በመኪና መስኮት በኩል ዕድሜ ልኩን ፀሐይ ሲመታው የኖረ ነው። ባለሱቋ ከውሃው ቀንሳ መመርመሪያ ፈሳሹን ጠብ አደረገችበት። ወዲያው ደም መሰለ።

«አባባ፣ የውሃው መርዝ፣ ናይትሬቱ፣ አሁንም ጣሪያ ነክቷል። ገንዳው ገና አዲስ ነው፤ ይሄን ሁሉ ትርፍራፊ አይችልም። ስንት ዓሣ ቀረ?»

«አንዷ ብቻ።»

«በቀን ስንቴ ያበሏታል?»

«ወደ መስታወቱ ስትመጣ።»

«እሷማ ሰው ባየች ቁጥር ትመጣለች!» ባለሱቋ ሳቀች።

እሳቸው አልሳቁም። «ሹፌር ነበርኩ፣ ልጄ። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ የምገባው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ስገባ ሮጦ የሚቀበለኝ አላውቅም ነበር።»

ባለሱቋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ግማሹን ውሃ ይቀይሩላት። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ፣ ቁንጥር ብቻ። ስትመጣ አጠገቧ ይቁሙ፣ በቃ።»

«ባዶ እጄን?»

«ባዶ እጅዎን።»

ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳብሰው የምግቡን ቆርቆሮ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ባለፈው ሳምንት የሸጠችላቸው ነው፤ ከሥሩ ጥቂት ፍርፋሪ ቀርቶታል።

«አንቺ ዘንድ ይቀመጥ፤ በሁለት ቀን አንዴ እየመጣሁ ቁንጥሯን እወስዳለሁ። እኔ ጋ ካለ አያስችለኝም።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ብልቃጡን እንዳቀፉ ዞር አሉ።

«ባዶ እጄን መሆኔን ካወቀች በኋላም ትመጣለች?»